ከጥቁር ሰሌዳው፦ መኸሩ መቼ ነው?

  

ለዛሬ የያዝነው ከአሊ አዴ የመጣ ጥያቄ ነው። ጠያቂያችን አንድ አባት ናቸው። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፈው በሰው እጅ ልከውልናል። አሳጥረን ስናቀርበው እንዲህ ይላል። ያደጉት ጎንደር አካባቢ ነው። በልጅነታቸው ቤተ እስራኤሎች ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። እነዚህ ጎረቤቶች የመኸር በዓል ብለው በዓመት ሁለት ጊዜ ሲያከብሩ ያስታውሳሉ፤ አንዱን ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሌላውን እህል ሲታጨድ። አሁን ግን ልጃቸው ከስልክ ላይ አንብቦ «አባባ፣ የአይሁድ የስንዴ መኸር በዓል አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀኑም እርስዎ የሚሉት አይደለም» አላቸው። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ ነው ወይስ ጎረቤቶቼ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልሱን አስቀድመን እንናገር። ማንም አልተሳሳተም። እንዴት ለሚለው ግን ጥቂት ሒሳብና ጥቂት ታሪክ ያስፈልገናል።

ይህን ጥያቄ በደስታ የተቀበልንበት ምክንያትም አለን። ወረቀቱ በደረሰን ሳምንት የአማርኛ ምንባብ ስናስነብብ «መኸር» የሚል ቃል መጣ። «መኸር ምን ማለት ነው?» ብለን ጠየቅን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጁን አወጣና «ራሽን የሚታደልበት ቀን ነው» አለ። ሌሎቹ ልጆች አልሳቁም፤ ትክክል መስሏቸው ነበር። እኛም አልሳቅንም። ልጁ ምን ያድርግ? የተወለደው እዚሁ ነው። እህልን የሚያውቀው በጆንያ ነው እንጂ በነዶ አይደለም።

በዓሉ ምንድን ነው?

በኦሪት ሕግ ከእርሻ ጋር የተሳሰሩ ሦስት ታላላቅ በዓላት አሉ። የመጀመሪያው ፋሲካና የቂጣ በዓል ነው፤ ያን ጊዜ በእስራኤል ምድር ገብስ ይደርሳል። ሦስተኛው የዳስ በዓል ነው፤ ምርቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሲያበቃ በሰባተኛው ወር ይውላል። ቤተ እስራኤሎች በዓለ መጸለት ይሉታል። በመካከላቸው ያለው ሁለተኛው በዓል ነው የዛሬው ርእሳችን።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። በፋሲካ ሰሞን የገብስ ነዶ ይቀርባል። ከዚያ ሰባት ሙሉ ሳምንት ይቆጠራል። በሃምሳኛው ቀን ከአዲሱ ስንዴ እርሾ ያለበት ሁለት ዳቦ ተጋግሮ ይቀርባል። በዕብራይስጥ ስሙ ሻቩዖት ነው፤ «ሳምንታት» ማለት ነው። ቤተ እስራኤሎች ደግሞ በግዕዝ በዓለ ማእረር ይሉታል፤ ማእረር ማለት መኸር ነው። ክርስቲያን አንባቢዎቻችን በዓለ ሃምሳን ወይም ጰራቅሊጦስን ስታስቡ የምታስቡት የዚህኑ በዓል ሥር ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ደቀ መዛሙርቱ ኢየሩሳሌም ተሰብስበው የነበሩት ለዚሁ ቀን ነውና።

በዓለም ዙሪያ ያሉ አይሁድ በዚህ ቀን ጸሎት ቤታቸውን በለምለም ቅጠል ያስጌጣሉ፤ የወተት ተዋጽኦ የሆነ ምግብ ይበላሉ፤ ብዙዎችም ሌሊቱን ሙሉ መጽሐፍ ሲያጠኑ ያድራሉ። መጽሐፈ ሩትንም ያነባሉ። ወደ ሩት ኋላ እንመለስባታለን።

በቤተ እስራኤሎች ዘንድ አከባበሩ እንደ ሀገራችን ወግ ነበር። ዳቦ ይጋገራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ሕዝቡ ወደ ጸሎት ቤቱ ይሰበሰባል። ቄሶቹ በግዕዝ ይጸልያሉ፤ ዳቦውን ባርከው ያድላሉ። ጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ብለውም ይጠሩታል። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይህን ስታነቡ ቃሉ እንግዳ አይሆንባችሁም፤ የሁለቱም መነሻ «ሰገደ» ነው።

ሃምሳው ቀን ከየት ይጀምራል?

እንግዲህ ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 ቆጠራው «ከሰንበት ማግሥት» እንዲጀምር ያዛል። የትኛው ሰንበት? አይሁድ በዚህ በአንዲት ቃል ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። እስቲ ጠመኔ ይዘን በሰሌዳው ላይ እንቁጠረው። እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አብራችሁን አስሉ።

አንደኛ፣ የረቢዎች አቆጣጠር። ዛሬ በዓለም ያሉ አብዛኞቹ አይሁድ የሚከተሉት ይህን ነው። ሰንበት የተባለው የቂጣ በዓል የመጀመሪያው የዕረፍት ቀን ነው ይላሉ፤ ማለትም የመጀመሪያው ወር (ኒሳን) 15ኛ ቀን። ስለዚህ ቆጠራው በ16 ይጀምራል። ወሩ 30 ቀን አለው፤ ከ16 እስከ 30 ያለው 15 ቀን ነው። የሁለተኛው ወር 29 ቀን ሲደመር 44 ይሆናል። 50 ለመሙላት 6 ይጎድላል። በዓሉ በሦስተኛው ወር (ሲቫን) በ6ኛው ቀን ይውላል። የጠያቂያችን ልጅ ከስልኩ ያገኘው ይህን ነው።

ሁለተኛ፣ የቤተ እስራኤል አቆጣጠር። እነሱ የቂጣው ሰባት ቀን በሙሉ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። በዓሉ በ21 ያበቃል፤ ቆጠራው በ22 ይጀምራል። ከ22 እስከ 30 ድረስ 9 ቀን። 29 ሲደመር 38። 50 ለመሙላት 12 ይጎድላል። በዓሉ በሦስተኛው ወር በ12ኛው ቀን ይውላል።

ሦስተኛ፣ የመጽሐፈ ኩፋሌ አቆጣጠር። ኩፋሌ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያናችንም በቤተ እስራኤሎችም ዘንድ ይነበባል። የእሱ ዓመት 364 ቀን ነው፤ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን የተገኙት ጥንታውያን ብራናዎችም ይህንኑ ዓመት ያውቃሉ። በዚህ አቆጣጠር የቂጣው ሳምንት ካለፈ በኋላ ያለው ቅዳሜ ይጠበቅና ቆጠራው በማግሥቱ እሑድ፣ በ26 ይጀምራል። ከ26 እስከ 30 ድረስ 5፣ ሁለተኛው ወር 30፣ ድምሩ 35። 15 ሲጨመር 50። በዓሉ በሦስተኛው ወር በ15 ይውላል።

ሳምራውያንና ቀራውያን የሚባሉት ደግሞ በቂጣው ሳምንት ውስጥ ካለው ቅዳሜ ማግሥት ስለሚጀምሩ በዓሉ ምንጊዜም እሑድ ይውልላቸዋል።

አያችሁ? ትእዛዙ አንድ፣ ሃምሳውም አንድ ነው። የተለያየው መነሻው ነው። ለዚህ ነው ተማሪዎቻችንን ሁልጊዜ «መልሱን ብቻ አትዩ፣ ከየት እንደተነሳ እዩ» የምንላቸው።

አንድ ነገር እንጨምር። ከኩፋሌው በቀር እነዚህ ወራት የጨረቃ ወራት ናቸው። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ ስለሆነ ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳል። በእስልምና አቆጣጠር ወር አይጨመርም፤ ስለዚህ ረመዳን በበጋም በክረምትም ሲዞር እናየዋለን። አይሁድ ግን በየጥቂት ዓመቱ አንድ ወር ይጨምራሉ። ባይጨምሩ የመኸሩ በዓል ከመኸሩ ተለይቶ ይጠፋ ነበር። በመሆኑም ሻቩዖት በኛ አቆጣጠር ምንጊዜም በግንቦት ወይም በሰኔ መግቢያ ይውላል፤ የቤተ እስራኤሎቹ ማእረር ደግሞ ስድስት ቀን ዘግይቶ ይከተላል።

ሁለተኛው ማእረር

አሁን ወደ ጠያቂያችን ትዝታ እንምጣ። ግንቦትና ሰኔ በእስራኤል ምድር ስንዴ የሚታጨድበት ጊዜ ነው። በጎንደርስ? ገበሬው ማሳውን እያረሰ ሰማይ ሰማይ የሚያይበት፣ ጎተራው የሚመናመንበት ጊዜ እኮ ነው! መጽሐፉ «አጭደህ አመስግን» ይላል፤ ማሳው ግን ገና አልተዘራም።

ምን ያድርጉ? ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሩ። አንደኛው «መጽሐፉ የተጻፈው ለሌላ ሀገር ነው» ብሎ ቀኑን መተው ነው። ሌላው ቀኑን ብቻ ይዞ የራስን ማሳ መርሳት ነው። ቤተ እስራኤሎች አንዱንም አልመረጡም። በሦስተኛው ወር በ12 እንደ መጽሐፉ አከበሩ። ከዚያ ደግሞ ስድስት ወር ቆይተው በዘጠነኛው ወር በ12 ማእረርን ለሁለተኛ ጊዜ አከበሩ። ይህ በኛ ኅዳር ውስጥ ወይም ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው፤ በደጋውና በወይና ደጋው ጤፍና ስንዴ የሚታጨድበት፣ አውድማ የሚለቀለቅበት ወቅት። አባታችን፣ ያዩት እውነት ነው። ጎረቤቶችዎ አንዱን መኸር ለመጽሐፋቸው፣ ሌላውን ለማሳቸው ነው ያከበሩት።

ማሳቸው ስንል ግን እንጠንቀቅ። በድሮው ሥርዓት ቤተ እስራኤሎች ርስት አልነበራቸውም። ብዙዎቹ የሰው መሬት እያረሱ ከምርቱ ለባለመሬቱ የሚያካፍሉ ነበሩ፤ ሌሎቹ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸማ እየሠሩ፣ ሴቶቹ ሸክላ እየሠሩ ይኖሩ ነበር። መሬት ለአራሹ የታወጀው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ሁሉ በሰው መሬት ላይ ለታጨደ እህል ነው ሲያመሰግኑ የኖሩት። «ፈላሻ» ይባሉ የነበረውም «ፈለሰ»፣ ማለትም ተሰደደ፣ ከሚለው ቃል ነው። ስሙን አይወዱትም፤ ሲያዋርዷቸው የኖሩበት ነውና። ቤተ እስራኤል መባልን ይመርጣሉ። እኛም ስደተኛ ተብለን ስንጠራ የሚሰማንን እናውቃለንና እንረዳቸዋለን።

ሱዳን፣ ከዚያም ግንቦት 1983

የነዚህ ሰዎች ታሪክ ከኛ ጋር ከዚህም በላይ ይቀራረባል። በ1970ዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ ከጎንደርና ከትግራይ በእግር ወደ ሱዳን ተሻግረው እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኛ ሰፈሮች ተቀመጡ። እዚያ ማንነታቸውን ሸሽገው ነበር የኖሩት። በመንገድና በሰፈሩ ውስጥ በረሃብ፣ በበሽታና በሽፍታ ያለቁት 4,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ለእነሱ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል።

ከዚያ «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው በረራ ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ድረስ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከሱዳን ተወሰዱ። ቀጥሎም «ዘመቻ ሰለሞን» መጣ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ። ያንን ሳምንት ከእናንተ መካከል በዕድሜ የገፋችሁት አትረሱትም፤ ያን ሰሞን ወደ ጅቡቲ የተሻገረውም ብዙ ነበር።

ይህን አምድ ስናዘጋጅ የጨረቃውን ወር ይዘን ቀኖቹን መልሰን አሰላን። በ1977 ዓ.ም. የዘጠነኛው ወር 12ኛ ቀን ኅዳር 27 ላይ ይውላል፤ የሱዳኑ በረራ እየተካሄደ ሳለ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የሦስተኛው ወር 12ኛ ቀን ግንቦት 17 ላይ ይውላል፤ ቅዳሜ፣ የአዲስ አበባው በረራ ባበቃበት ዕለት። በጥንቱ ወግ ወሩ የሚጀምረው አዲስ ጨረቃ ስትታይ ስለሆነ አንድ ቀን ወዲያ ወዲህ ሊል ይችላል። ቢሆንም ሁለቱ በረራዎች ከሁለቱ ማእረሮች ጋር ተገጣጥመዋል። አጋጣሚ ነው፤ ትንቢት አናድርገው። ግን እስቲ አስቡት፤ ማሳውን፣ ቤቱን፣ የአያቶቹን መቃብር ትቶ አውሮፕላን ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ በጣቱ ቢቆጥር ኖሮ «ዛሬ ማእረር ነው» ይል ነበር። ማሳ አይጫንም። ቆጠራ ግን በጭንቅላት ይሄዳል፤ ጨረቃም በየትኛውም ሰፈር ላይ ትወጣለች።

በእስራኤል የሀገሩ ሕግ የሚያውቀው ሻቩዖት በ6ኛው ቀን ያለው ነው። የቤተ እስራኤሎች ልጆችም ትምህርት ቤት የሚዘጋላቸው በዚያ ቀን ነው። ከራሳቸው በዓላት ስግድ በ2000 ዓ.ም. በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኖ በሕግ ታውቋል። ሁለተኛው ማእረር ግን እንዲህ ያለ አዋጅ አላገኘም። በአዲሱ ሀገር እህል የሚታጨድበት ወር ሌላ ነውና የኅዳሩን ቀን የሚያስታውስ ማሳ የለም። ሽማግሌዎቹ ካልነገሩ ልጆቹ ከየት ያውቁታል?

ከወደባችን ወደ ማሳችን

እዚህ ጅቡቲ ከተማም አንድ ምሳሌ አለን። በፈረንሳይ ዘመን ከየመንና ከኤደን የመጡ አይሁድ በከተማዋ ይኖሩ ነበር፤ ጸሎት ቤትም ነበራቸው። እስራኤል በ1948 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተች በኋላ አብዛኞቹ ወደዚያ ሄዱ። የነሱ አቆጣጠር የረቢዎቹ ነው። ስለዚህ እዚህ ወደቡ ላይ የመኸር በዓላቸውን ሲያከብሩ የጎንደሮቹ ገና ስድስት ቀን ይቀራቸው ነበር። እዚህስ ምን መኸር አለ? ድንጋይ፣ ጨውና ባሕር ነው። እህል የሚመጣው ያኔም ዛሬም በመርከብ ነው። ሆኖም ሃምሳውን ቀን ቆጥረዋል።

ባለፈው ሳምንት ሦስት መምህራን ተቀምጠን ለልጆቹ «የመኸር ሰሌዳ» እናዘጋጅ አልን። የትኛው እህል በየትኛው ወር ይታጨዳል የሚል ነው። ጤፉ ላይ ተስማማን። ማሽላው ላይ ግን ሦስታችንም ተለያየን! አንዱ ኅዳር አለ፣ አንዱ ታኅሣሥ፣ አንዱ ጥር። ክርክሩ ሲጠና የመጣንበት አካባቢ የተለያየ መሆኑ ነው አንድ ምክንያት። ሌላው ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ረስተናል። ሀገር ከለቀቅን ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። መምህራኑ ከረሳን ያ ልጅ «ራሽን የሚታደልበት ቀን» ቢል ይፈረድበታል?

ስለሩት እንመለስባታለን ብለን ነበር። በዚህ በዓል የሷ ታሪክ የሚነበበው በመኸር ወራት የሆነ ስለሆነ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በረሃብ ነው። ከቤተ ልሔም አንድ ቤተሰብ ረሃብ አባሮት ወደ ሞዓብ ይሰደዳል። ባልና ልጆች ይሞታሉ። መበለቲቱ ኑኃሚን ስትመለስ ምራቷ ሩት አብራት ትመጣለች፤ ሩት ደግሞ ለዚያ ሀገር ባዕድ ናት። የምትኖረው ቃርሚያ እየለቀመች ነው። ይህም ምጽዋት አልነበረም፤ ሕግ ነው። ዘሌዋውያን 23 ስለ ሃምሳው ቀን ተናግሮ እንደጨረሰ ወዲያው የማሳውን ዳርና የወደቀውን ዛላ ለድሃና ለመጻተኛ ተዉ ይላል። ሙስሊሙ ገበሬም ምርቱ መጠን ከሞላ በዝናብ ካበቀለው ከአሥር አንድ፣ ራሱ ደክሞ ካጠጣው ከሃያ አንድ ዘካ ያወጣል። መኸር ሲባል እንግዳውም ድርሻ አለበት ማለት ነው። ልጆቻችን ይህን ሲያውቁ ራሽን ተሰልፎ መቀበል የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ ይገባቸዋል፤ ነገ ደግሞ ባለማሳ ሲሆኑ ዳሩን መተው እንዳለባቸው ያውቃሉ።

የቤት ሥራ

እንደ ልማዳችን የቤት ሥራ አለን። በየቤታችሁ አንድ ምሽት ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡና እነዚህን ጻፉ። የመጣችሁበት አካባቢ የት ነው? ምን ይዘራል? በየትኛው ወር ይታጨዳል? የመጀመሪያው እሸት ሲቀመስ ምን ይባል፣ ምን ይደረግ ነበር? ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ደቦ የወጣው ሰው ምን ይበላ ነበር? ኢሬቻ የምታከብሩ፣ መስቀልን የምታከብሩ፣ ዘካችሁን ከአውድማው ላይ ትሰፍሩ የነበራችሁ፣ ሁላችሁም ጻፉ። መጻፍ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ይናገሩ፣ ልጆች ይጻፉ። ወረቀቱን ጋዜጣዋን ለሚያደርስላችሁ ሰው ስጡልን፤ እኛ በሰሌዳው ላይ እንሰቅለዋለን። በተለይ ማሽላውን አስታርቁን!

ለጠያቂያችንም አንድ ቃል። ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፤ «ያነበብከው ትክክል ነው፣ እኔ ያየሁትም ትክክል ነው፤ ና አብረን እንቁጠረው»።

ያ የዘጠኝ ዓመት ልጅስ? ከራሽን ስንዴ ያልተፈጨ ጥቂት ፍሬ አንዲት እናት ሰጥታን በባዶ የቲማቲም ጣሳ አፈር ሞልተን ዘርተነዋል። ጣሳውን የሚያጠጣው እሱ ነው። በየጠዋቱ ቀኑን በሰሌዳው ጥግ በጠመኔ ይጽፋል። ዛሬ 11ኛው ቀን ነው፤ ቡቃያው ጣት ያህል ሆኗል። በዚህ ሙቀት ዛላ ላይ ይደርሳል ብለን አይደለም። ልጁ ግን ትናንት «መምህር፣ መኸሩ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀን። «ቁጠር» አልነው።